የአማተር ሬዲዮ ሪፒተር ክለብ እንዴት ይቋቋማል? እንዴትስ ይቆያል?

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለራሳቸው ፍላጎት በሬዲዮ የሚገናኙበት ነው። አብዛኛው የእጅ ሬዲዮ ጉልበቱ 5 ዋት ገደማ ነው። መሃል ላይ ኮረብታ ከገባ፣ ሁለት ሰዎች ብዙም ሳይራራቁ መደማመጥ ያቆማሉ። ሪፒተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን እዚያው በዚያው በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ ያሰራጫል።

ብዙ ሰው ከባዱ ሥራ ማሽኑን መግዛትና መስቀል ይመስለዋል። እኔ ግን ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው እላለሁ። ሪፒተር የሚሞተው የሚያወራበት ሰው ሲጠፋ ነው። ማሽኑ ያለበትን ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው። ፈቃዱን ማን እንደሚያሳድስ ሲረሳ ነው። ስለዚህ ከሰው እንጀምር።

1. ሰዎቹን ሰብስቡ

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው አምስት ስድስት ሰዎች ለመነሻ ይበቃሉ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሦስት ነገር ወስኑ። የሪፒተሩ ፈቃድ በማን ስም ይወጣል? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ማሽኑን የሚነካካው ማን ነው? ፈቃዱ በስሙ የወጣው ሰው በሪፒተሩ ላይ ለሚሆነው ነገር ተጠያቂ ስለሚሆን፣ ማሰራጫውን ከሩቅ ማጥፋት የሚችልበት መንገድ ይኑረው።

መተዳደሪያ ደንባችሁ ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። አንድ ነገር ግን እንዳይቀርበት፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጻፍ። አንዱ ሬዲዮ ይሰጣል፣ ሌላው አንቴና፣ ሌላው ባትሪ። ሲሰጥ ሁሉም ደስ ብሎት ነው። ጠብ የመጣ ቀን ግን «ያ የኔ ነው» ይመጣል። «ለክለቡ የተሰጠ» ወይም «በውሰት ያለ» ብላችሁ መዝግቡና አስፈርሙ።

2. ፍሪኩዌንሲ ጠይቁ

ፍሪኩዌንሲ በራሳችሁ አትምረጡ። እንደ አገሩ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ወይም የአማተሮች አስተባባሪ አካል ነው የሚመድበው፤ ያለዚያ ከጎረቤት ሪፒተር ጋር ትጋጫላችሁ። በ2 ሜትር ባንድ (በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የፍሪኩዌንሲ ክልል) ላይ በመስሚያውና በማሰራጫው መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው 600 ኪሎኸርዝ ነው። ለምሳሌ በ145.600 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭ ሪፒተር በ145.000 ያዳምጣል። በ70 ሴንቲሜትር ባንድ ላይ ልዩነቱ ከአገር አገር ይለያያል።

ከዚያ ቶን ምረጡ። ከድምፃችሁ ስር አብሮ የሚላክ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ የተለመዱት ከ67 እስከ 254.1 ኸርዝ ይደርሳሉ። ሪፒተሩ ያንን ቶን ካልሰማ አይከፈትም። ይህም ከሌላ ቦታ በሚመጣ ሞገድ እንዳይቀሰቀስ ያደርገዋል።

3. ቦታውን በጽሑፍ ያዙ

ዋት ከመጨመር ከፍታ መጨመር ይሻላል። ቀላል ስሌት አለች፤ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ውሰዱና ስኩዌር ሩቱን በ4.12 አባዙ። ሜዳ ላይ በኪሎሜትር እስከየት እንደሚደርስ በግምት ትነግራችኋለች። 25 ሜትር ከሆነ 20 ኪሎሜትር ገደማ፣ 100 ሜትር ከሆነ 41 ገደማ። ዋት ብቻ ስትጨምሩ የሚፈጠረው አፍ እንጂ ጆሮ የሌለው ሪፒተር ነው። ሁሉም ይሰማዋል፣ እሱ ማንንም አይሰማም።

ከቦታው ባለቤት ጋር በቃል ብቻ አትስማሙ። በስንት ሰዓት መግባት ይቻላል? መብራት ማን ይከፍላል? ሕንፃው ቢሸጥስ? ሁሉም በወረቀት ይስፈር።

4. ማሽኑ እንዲሰማ አድርጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሪፒተር በአንድ አንቴና በአንድ ጊዜ ይናገራልም ይሰማልም። ማሰራጫው 50 ዋት ቢያወጣ፣ መቀበያው ሊይዘው ከሚገባው ደካማ ሞገድ የሚበልጠው ከ1 ኋላ 16 ዜሮ ከተደረደረበት ቁጥር በላይ በሆነ እጥፍ ነው። ጆሮው ስር እየተጮኸበት ሹክሹክታ ስማ እንደማለት ነው። ሁለቱን የሚለያየው ዱፕሌክሰር የሚባለው ዕቃ ነው። ረጃጅም የብረት ሲሊንደሮች ተደርድረው ታዩታላችሁ። ብሎኖቹን ያለ መለኪያ መሣሪያ በካቻቢቴ አትንኩ። ሩብ ዙር እንኳ ሥራውን ያበላሸዋል።

መስማቱን እንዲህ ፈትሹ። አንድ አባል ሞገዱ በጭንቅ የሚደርስበት ቦታ ሄዶ ይናገር። እናንተ ማሽኑ ጋ ሆናችሁ ማሰራጫውን አጥፉና ድምፁን ከመቀበያው አዳምጡ። ከዚያ ማሰራጫውን አብሩት። ድምፁ በሹሹታ ከተዋጠ ማሰራጫው መቀበያውን እያደነቆረው ነው። ጥፋቱ ከዱፕሌክሰሩ፣ ከላላ ኮኔክተር ወይም ከኬብሉ ሊሆን ይችላል። የአልሙኒየም ፎይልና የመዳብ ሽቦ መረብ አብረው ያሉበት ኬብል ለሌላ ሥራ ጥሩ ሆኖ ሪፒተር ላይ ግን ሹሹታ ሊፈጥር ይችላል። ድርብ የመዳብ መረብ ያለውን ውሰዱ።

በሁለት የመኪና ሬዲዮ መጀመር ይቻላል። ግን ለሰዓታት ሳያቋርጡ ለማሰራጨት አልተሠሩም። 50 ዋቱን ወደ 20 ወይም 25 አውርዱና ቬንትሌተር ግጠሙለት። አንድ ሰው የሬዲዮውን የመናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ቢረሳው፣ በ3 ደቂቃ ገደማ የሚቆርጥ ሰዓት ቆጣሪ ይኑረው። የጥሪ ምልክቱንም (ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን መለያ ፊደልና ቁጥር) ሕጉ በሚለው ጊዜ ራሱ በሞርስ፣ ማለትም በአጭርና በረጅም ድምፅ ይላክ። ባትሪ፣ የመብረቅ መከላከያ፣ ጥሩ ምድር መያዣ፤ እነዚህ አይቆጠቡም።

አንድ ነገር ላንሳ። አንድ ዓመት ዝናብ በጀመረ በሳምንቱ ሪፒተራችን ድምፅ መቆራረጥ ጀመረ። ሬዲዮ ቀየርን። ዱፕሌክሰሩን ጠረጠርን። ሦስት ሳምንት ከለፋን በኋላ አንቴናው ስር ያለውን ኮኔክተር ፈታነው። ጠብ ያለው ውኃ ነበር፤ የመሃሉ መዳብ እንደ አሮጌ ሳንቲም አረንጓዴ ሆኗል። ናስትሮውን የጠቀለልነው ከላይ ወደ ታች ስለነበር እያንዳንዱ ዙር ውኃውን ወደ ውስጥ ይጋብዘዋል። ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉት። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው የታችኛውን ይደርብ።

5. ሰው እንዲያወራበት አድርጉ

በሳምንት አንድ ቀን፣ በማይቀየር ሰዓት፣ ሁሉም የሚገናኝበት ፕሮግራም ይኑራችሁ። አንድ ሰው ይመራዋል። የጥሪ ምልክቶችን ይመዘግባል፣ ተራ ይሰጣል። መሪው በየሳምንቱ ይቀያየር፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከመራው እሱ የታመመ ሳምንት ዝም ትላላችሁ። በንግግር መካከል አንድ ሁለት ሰከንድ ክፍተት ተዉ። አስቸኳይ ነገር ያለው ሰው የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው።

ከሁሉ በላይ አዲስ ድምፅ ስትሰሙ መልሱ። ትናንት ፈቃድ ያገኘ ልጅ እየፈራ የጥሪ ምልክቱን ሲናገር መልስ ካጣ፣ ሁለተኛ ላይሞክር ይችላል። ከጓደኛችሁ ጋር የጀመራችሁትን ወሬ አቁሙና «እንኳን ደህና መጣህ፣ በደንብ ትሰማለህ» በሉት።

ሆን ብሎ የሚረብሽ ከመጣ በሬዲዮ አትመልሱለት። ሰዓቱን መዝግቡ። ሪፒተሩ የሚያዳምጥበትን ፍሪኩዌንሲ በቀጥታ አዳምጡ። ማን ጋ ጎልቶ እንደሚሰማ አባላት ያወዳድሩ፤ ከዚያ አቅጣጫ በሚለይ አንቴና ቦታውን ወደማወቅ ትጠጋላችሁ። መረጃውን ለፈቃድ ሰጪው አስረክቡ፤ በር ላይ ሄዳችሁ አትጋጩ።

6. ገንዘብና ደብተር

የባንክ ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። ከመዋጮው የተወሰነውን ለድንገተኛ ጥገና አስቀምጡ። ቁልፉ ቢያንስ ሦስት ሰው ዘንድ ይኑር።

ማሽኑ ጋ ደብተር ይቀመጥ። ማን መጣ፣ ምን ነካ፣ ዋቱ ስንት ነበር፣ ባትሪው ስንት ቮልት አነበበ፣ ከነቀኑ ይጻፍ። የፈቃዱ ማሳደሻ ቀን የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ይስፈር። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ቴክኒኩን የማያውቅ አባል ያንን ደብተር ብቻ ይዞ ሪፒተሩን አጥፍቶ ያስነሳው። ባለሙያው አጠገቡ ይቁም፣ ግን አንድም ቃል አይናገር። አባሉ የቆመባት ቦታ ደብተሩ ውስጥ የጎደለችው ናት፤ እዚያው ጻፏት።