ጎርፍ ሰው ከወሰደባችሁ በኋላ፦ ሰዓቱን ጠይቁ

ወንድሜን የወሰደው ድንገተኛ ጎርፍ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ቀንና ሰዓት የሌለው ወረቀት አይዋጥልኝም። ባለሥልጣን ፊት ቆማችሁ «ለምን አለቁ?» ብትሉ መልሱ ያው ነው፦ «የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ እግዜር ያጽናችሁ።» «ማስጠንቀቂያው ስንት ሰዓት ደረሳችሁ? ለሕዝቡስ ስንት ሰዓት ነገራችሁ?» ስትሉ ግን ወንበሩ ይቆረቁረዋል።

የስፔኗን ቫሌንሲያ እዩ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2024 የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ገና ጠዋት ነበር። የክልሉ መንግሥት ለሕዝቡ በስልክ ማስጠንቀቂያ የላከው ግን ማታ 2፡11 ላይ ነው። ያኔ ብዙዎቹ ሞተዋል። በዚያ ጎርፍ ከ220 በላይ ሰው አለቀ። ቤተሰቦች በየወሩ አደባባይ እየወጡ ጠየቁ። የክልሉ ፕሬዝዳንት ካርሎስ ማሶን ከዓመት በኋላ ከሥልጣን እንደሚለቅ አስታወቀ።

ፍለጋውና ቀብሩ ይቅደሙ። ጎን ለጎን ግን አንድ ሰው ለማስረጃ ይመደብ፤ ቢቻል ሐዘኑ ትንሽ ራቅ የሚልለት ዘመድ ወይም ጓደኛ።

ያ ሰው ከስልኩ ይጀምር። የወንድሜን ስልክ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሰጡን፤ የቻርጀር መሰኪያው ውስጥ ጭቃ ደርቆበታል። እርጥብ ስልክ ቻርጅ ላይ አትሰኩ። እንደጠፋ ለጠጋኝ ውሰዱትና «ፎርማት እንዳታደርገው» ብላችሁ አስረግጣችሁ ንገሩት። በእኛው ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ሳይላክ የቀረ የድምፅ መልእክት ተገኘ። የአጎቴ ልጅ ሰምታ፣ የተቀዳበትን ሰዓትና «ውሃው መስኮቱ ጋ ደርሷል» የሚለውን ብቻ ጻፈችልኝ። እኔ አልሰማሁትም። ፍትሕ ለመጠየቅ ሁሉን መስማት፣ ሁሉን ማየት ግዴታ አይደለም።

ፎቶና ቪዲዮ በቴሌግራም ስትላላኩ በፋይል መልክ ላኩ፤ አለበለዚያ የተነሣበት ሰዓት አብሮ ላይመጣ ይችላል። ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ሳይታጠብ ሜትር አስደግፋችሁ አንሱት። ጎረቤት «ሰዓቱን የት አውቄው» ካለ «መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉት። መብራቱ የጠፋበት ሰዓት ኃይል አቅራቢው ጋ ይመዘገባል። ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ አስገቡ፦ ሰዓቱ፣ የሆነው ነገር፣ ማን እንደተናገረው፣ ማስረጃው የት እንዳለ።

ከዚያ ደብዳቤ። በአንድ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ አምስት ከጠየቃችሁ ቀላሏን መርጠው ይመልሳሉ። ቅጂው ላይ ማህተምና የመዝገብ ቁጥር ሳታስደርጉ አትውጡ። እኛን አንድ ቢሮ «ጉዳዩ ኮሚቴ ጋ ነው» እያለ አመላለሰን። ኮሚቴው የተቋቋመበትን ደብዳቤ አሳዩን ስንል፣ ኮሚቴው ገና አልተቋቋመም። የእርዳታ ፎርም ስትፈርሙም ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቡ። «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የምትል ዓረፍተ ነገር ካለች ጠበቃ ሳያያት አትፈርሙ።

ከጎርፉ ቀን በፊት ያለውንም ቆፍሩ። በሊቢያዋ ዴርና እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሁለት ግድቦች ፈርሰው ሺዎች አለቁ። ግድቦቹ ጥገና እንደሚሻቸው ግን አስቀድሞ በጥናት ተጽፎ ነበር። በ2024 ፍርድ ቤት 12 ባለሥልጣናትን በእስራት ቀጣ፤ ከፍተኛው ቅጣት 27 ዓመት ነው። ስለዚህ የጥገና በጀት ተጠይቆ እንደነበር፣ ማን እንደፈረመ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ጠይቁ። ይሄ ክፍል አሰልቺ ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ በጀት ሁሌም ዱካ ይተዋል።

ደግሞ ሁሉን ነገር በአንድ ፍርድ ቤት ላይ አታንጠልጥሉ። በጀርመኑ የአር ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ130 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ፣ ዐቃቤ ሕግ በአካባቢው አስተዳዳሪ ላይ የጀመረውን ምርመራ በ2024 ዘጋው። የክልሉ ምክር ቤት ምርመራ ሲካሄድ ግን በዚያች ሌሊት ከፖሊስ ሄሊኮፕተር የተቀረጸ ቪዲዮ ከዓመት በላይ ቆይቶ ብቅ አለ፤ የክልሉ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርም ሥልጣን ለቀቀ። ለምክር ቤቱም፣ ለእንባ ጠባቂውም፣ ለኦዲተሩም አስገቡ። ኦርጅናሉን ግን ከእጃችሁ አታውጡ፤ ለእነሱ ኮፒ ይበቃቸዋል።