የደረቀ አበባና ቅጠል ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

አበባ የተዘፈዘፈበት ዘይት ደፈረሰ ወይም ሻገተ

ምክንያቱ ውሃ ነው። አበባው ሲነካ ደረቅ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። በተለይ ካሌንዱላ የሚባለው ቢጫ አበባ ያታልላል፤ ቢጫዎቹ የአበባ ቅጠሎች በጥቂት ቀን ይንኮሻኮሻሉ፣ አረንጓዴው መቀመጫ ግን ከሳምንት በኋላም እርጥበት ይዞ ይቆያል። መቀመጫውን በጥፍር ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። የቅጠላ ቅጠል ግንድ ከሆነ ደግሞ ቀጭ ብሎ ይሰበር፤ ከታጠፈ ገና ነው።

የሻገተ ዘይት ይደፋል። ሻጋታውን ከላይ ገፎ ማጥለል አያድነውም፣ የማይታየው ውስጡ አለና። በአዲስ ስትጀምሩ የታጠበው የመስታወት ዕቃ ጠብታ ውሃ እንዳይቀርበት አድርቁት፤ ሲሶውን አበባ ሙሉ፣ ዘይቱ አበባውን 2 ሳንቲሜትር ያህል አልፎ ይሸፍነው። ከዘይቱ ብቅ ያለ ቅጠል ቀድሞ ይሻግታል፤ ስለዚህ በየቀኑ ነቅንቁት፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ። የቸኮለ ሰው ዕቃውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሞ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ3 ሰዓት ያህል ያሙቀው፤ እንፋሎቱ ግን ወደ ዘይቱ እንዳይንጠባጠብ።

ሻጋታ የለውም፣ ግን ያረጀ የመጥበሻ ዘይት ይሸታል

ይህ ከእርጥበት ጋር አይገናኝም። አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ዘይቱን አበላሽተውታል፤ መመለሻም የለውም። ለቀጣዩ ለ100 ግራም ዘይት ግማሽ ግራም ቫይታሚን ኢ ጨምሩ፣ ጠቆር ያለ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሙሉና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ቫይታሚን ኢ ባክቴሪያ ይገድላል የሚባለው ስህተት ነው፤ የዘይቱን መበላሸት ከማዘግየት አያልፍም።

ለፊት የተዘፈዘፈው የአበባ ውሃ ሸተተ

የአበባ ሻይ ለባክቴሪያ ምቹ ምግብ ነው። ማቆያ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር) ካልገባበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 ወይም 3 ቀን በላይ አታቆዩት።

ሳሙናው ላይ ያለው ጽጌረዳ ቡናማ ሆነ

እዚህ ጥፋተኛው ሳሙናው የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ የቱንም ያህል ጥሩ አበባ ብትገዙ ያው ነው። ላቬንደርም እንዲሁ ይጠቁራል፣ ሳሙናው ውስጥ ሲታይ የአይጥ ኩስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቀለሙን የሚይዘው የካሌንዱላ ቢጫ ቅጠል ነው። ጽጌረዳ የግድ ከሆነ ሳሙናው ከደረቀ በኋላ መጠቅለያው ላይ እሰሩት።

ሬዚን (ፈሶ የሚጠነክር ሙጫ) ውስጥ አረፋ ወጣ፣ አበባው ጠየመ

መጠየሙ ከቀረ እርጥበት፣ አረፋው በቅጠሎቹ መሃል ከታሰረ አየር ነው። አበባውን በሲሊካ ጄል (እርጥበት በሚመጥ ጥራጥሬ) ቀብራችሁ ከ3 እስከ 7 ቀን አቆዩት። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ሬዚን እየቀባችሁ በየስንጥቁ አስገቡ፤ መጀመሪያ ስስ ንጣፍ አፍስሱ፣ አበባውን አስቀምጡ፣ ሲጠነክር ሌላውን ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ማፍሰስ አበባውን ያንሳፍፈዋል።

አበባው ሲደርቅ ቀለሙ ነጣ

ፀሐይ ላይ ስለተሰጣ ነው። ትንንሽ እስር አድርጋችሁ ጨለማና ነፋሻ ቦታ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉ።

ቆዳው አሳከከ

ካሞሚልና ካሌንዱላ የሱፍ አበባ ዘመዶች ናቸው፤ ለዚህ ቤተሰብ አለርጂ ያለበትን ሰው ሁለቱም ሊያስቸግሩት ይችላሉ። ከሆነ ታጥቦ ይቁም። ሌላውም ሰው ፊቱን ከመቀባቱ በፊት ጥቂት ክርኑ ውስጥ ቀብቶ 24 ሰዓት ይጠብቅ።