ያለ አካውንት ማዘዝ፦ ለዉኮሜርስ ሱቅ ባለቤቶች

በዉኮሜርስ (ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ሱቅ በሚከፍተው ፕሮግራም) በተሠራ ሱቅ ደንበኛው ቅርጫቱን ሞልቶ ሊከፍል ሲል «መጀመሪያ ይመዝገቡ» የሚል ገጽ ከተደቀነበት፣ ብዙ ጊዜ ገጹን ዘግቶ ቴሌግራም ላይ ሌላ ሻጭ ይፈልጋል። ጃሬድ ስፑል የተባለው አሜሪካዊ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ምሳሌ በዘርፉ ዛሬም ይጠቀሳል፦ አንድ ትልቅ ሱቅ «ተመዝገብ» የሚለውን ቁልፍ በ«ቀጥል» ቢተካው የገዢው ቁጥር በ45 ከመቶ ጨመረ። ምዝገባው ያስመረረው አዲስ መጤውን ብቻ አልነበረም። ነባሮቹም በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገቡ እየረሱ፣ አንዳንዱ ሰው እስከ 10 አካውንት ከፍቶ ተገኝቷል።

ስለዚህ አካውንት ከክፍያ በፊት አይጠይቁ፤ ከክፍያ በኋላ ይጠይቁ። አስቀድሞ መጠየቅ የሚያስኬደው ሸቀጡ ራሱ ያለ አካውንት የማይሠራ ሲሆን ነው፦ ወርሃዊ ደንበኝነት፣ የኦንላይን ትምህርት፣ ለጅምላ ገዢ ብቻ የሚታይ ዋጋ።

ማስተካከያው

በዎርድፕሬስ ማስተዳደሪያ ዉኮሜርስ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ «አካውንትስ ኤንድ ፕራይቨሲ» የሚለውን ይክፈቱ። «ጌስት ቼክአውት» (ያለ አካውንት፣ በእንግድነት ማዘዝ) ላይ ምልክት ያድርጉ። ነባር ደንበኛ በክፍያ ገጹ ላይ እንዲገባ የሚፈቅደውንም አብረው ያብሩት፤ አለበለዚያ አካውንት ያለው ሰው ሳይወድ እንግዳ ይሆናል። አዳዲሶቹ ስሪቶች አካውንት መክፈቻውን ከክፍያ በኋላ ወደሚመጣው ገጽ የሚወስድ ምርጫ አላቸው፤ ካገኙት ያንን ይምረጡ። ስሪትዎ የቆየ ከሆነ በክፍያ ጊዜ የሚከፈተውን ያብሩና ሳጥኑ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቅ ያድርጉ።

ሲጨርሱ ከማስተዳደሪያው ወጥተው፣ በስልክ፣ በብራውዘሩ የግል መስኮት ራስዎ ይዘዙ። እንደ አስተዳዳሪ ገብተው ከሞከሩ ሱቁ እንደ ተመዘገበ ደንበኛ ስለሚያይዎት እንግዳው የሚገጥመውን አያዩም።

ቅጹ ለአገሩ እንዲስማማ

ዉኮሜርስ ይዞት የሚመጣው የአድራሻ ቅጽ ቤት በቁጥርና በፖስታ ኮድ ለሚገኝበት አገር የተሠራ ነው። ለአዲስ አበባ የሚጠቅመው ክፍለ ከተማ፣ ሰፈርና መለያ ቦታ («ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ» የሚባለው) ነው። የፖስታ ኮዱን፣ የድርጅት ስምንና ሁለተኛውን የአድራሻ መስመር ያስወግዱ። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን «የአባት ስም» ያድርጉት።

ስልኩ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ደንበኛ ዛሬ በ09፣ ነገ በ+251፣ ሌላ ቀን ዜሮውን ትቶ በ9 ጀምሮ ይጽፈዋል፤ እንዳለ ካስቀመጡት ሦስት ሰው ይሆንብዎታል። ክፍተቱና ምልክቱ ይነሳ፣ የመጨረሻዎቹ 9 አኃዞች ይወሰዱ፣ በ9 ወይም በ7 መጀመራቸው ይረጋገጥ፣ ከዚያ 251 ከፊታቸው ተጨምሮ ይቀመጥ። ሳፋሪኮም በ07 ስለሚጀምር 09 ብቻ የሚቀበል ቅጽ ደንበኛ ያባርራል። ይህ ደንብ ግን ለዕቃ ተቀባዩ ስልክ ብቻ ይሁን፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ ለእናቱ የሚያዝ ሰው የራሱን የውጭ አገር ቁጥር መጻፍ መቻል አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ገዢ የከፋዩንና የተቀባዩን ስምና ስልክ ለየብቻ ይጠይቁ። በነገራችን ላይ፣ አካውንት ከልቡ የሚፈልገው ደንበኛ ይኸው ነው፤ የእናቱን፣ የእህቱንና የአክስቱን አድራሻ በየበዓሉ እንደገና መጻፍ አይወድም።

የኢሜይል ወጥመድ

ዉኮሜርስ ኢሜይልን ግዴታ ያደርጋል። ኢሜይል የማይጠቀም ሰው ደግሞ ቅጹን ለማለፍ ያህል የመጣለትን ይሞላል። ውጤቱ የማይደርስ ደረሰኝ ብቻ አይደለም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት የፈጠራ ኢሜይል ከጻፉ፣ ትዕዛዞችን በኢሜይል የሚያገናኝ ማንኛውም ፕለጊን (ሱቁ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) የአንዱን ስልክና የቤት አድራሻ ለሌላው ያሳያል።

በአሮጌው (በሾርትኮድ፣ ማለትም ገጹ ውስጥ በሚጻፍ አጭር ኮድ በሚሠራው) የክፍያ ገጽ ላይ ኢሜይሉን በቅጽ ማስተካከያ ፕለጊን አማራጭ ማድረግ ይቻላል፤ በብሎክ (በዎርድፕሬስ ተገጣጣሚ የገጽ ክፍሎች) በተሠራው ገጽ ይህ ቀላል አይደለም። አማራጭ ካደረጉት የትዕዛዝ ማረጋገጫው በኤስኤምኤስ መሄድ አለበት። አንዳንድ ፕለጊኖች ከስልክ ቁጥሩ የውሸት ኢሜይል ይሠራሉ፤ ይህን ከተጠቀሙ ወደነዚያ አድራሻዎች የሚላከውን መልዕክት ያጥፉ። ተመላሽ ኢሜይል ሲበዛ የሱቅዎ እውነተኛ ደብዳቤም ስፓም ውስጥ መግባት ይጀምራል።

እንግዳው ከከፈለ በኋላ

ብዙ ሱቅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ወደ ቴሌብር ሄዶ ይከፍላል፣ ወደ ብራውዘሩ ግን አይመለስም። አካውንት ያለው ሰው ቆይቶ ገብቶ ትዕዛዙን ያያል፤ እንግዳው ግን ገጹ ከጠፋበት መግቢያ የለውም። ክፍያው መፈጸሙን ሱቁ ማወቅ ያለበት ከክፍያ አገልግሎቱ በቀጥታ በሚመጣ ዌብሁክ (ክፍያ ሲፈጸም አገልግሎቱ ለሱቁ በራሱ በሚልከው መልዕክት) እንጂ በደንበኛው መመለስ መሆን የለበትም። ዌብሁኩ ካልሠራ ትዕዛዙ «ክፍያ በመጠበቅ ላይ» ሆኖ ይቆያል፤ የዕቃ ክምችት ቁጥጥር ከበራ ደግሞ፣ ካልቀየሩት በቀር፣ ከ60 ደቂቃ በኋላ ይሰረዛል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ትዕዛዙ የለም። በትንሽ ብር ገዝተው፣ ከፍለው፣ ብራውዘሩን ወዲያው ዘግተው ይሞክሩት።

ክፍያው እንደተረጋገጠ የትዕዛዙን ቁጥርና መከታተያ ገጹን በኤስኤምኤስ ይላኩ። ዉኮሜርስ ራሱ የመከታተያ ሾርትኮድ አለው፤ ነገር ግን የትዕዛዝ ቁጥርና ኢሜይል ስለሚጠይቅ ኢሜይሉን አማራጭ ላደረገ ሱቅ በስልክ ቁጥር እንዲሠራ ማስተካከል ያስፈልጋል። በትዕዛዝ ቁጥር ብቻ የሚከፈት ገጽ በጭራሽ አይሥሩ፤ ቁጥሩን አንድ ከፍ ዝቅ ያደረገ ሁሉ የሰው አድራሻ ያያል። «የትዕዛዜ ማረጋገጫ ገጽ ኢሜይል ጠየቀኝ» የሚል ቅሬታ ከደረሰዎት ብልሽት አይደለም፤ ትዕዛዙ ከተሰጠ 10 ደቂቃ ካለፈ በኋላ እንግዳው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ የተደረገ ነው።

አካውንት የመክፈት ግብዣው ቦታ ከክፍያ በኋላ የሚመጣው የምስጋና ገጽ ነው። ስም፣ ስልክና አድራሻ አስቀድሞ ስላለ የሚቀረው የይለፍ ቃል ወይም የኤስኤምኤስ ኮድ ብቻ ነው። «አካውንት ይክፈቱ» ብቻ አይበሉ፤ «በሚቀጥለው ጊዜ አድራሻ መጻፍ አያስፈልግዎትም» ይበሉ። የቀድሞ የእንግዳ ትዕዛዞችን ወደ አዲሱ አካውንት የሚያስገቡት ደንበኛው ኢሜይሉን ወይም ስልኩን በኮድ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሁን።

ዕቃው ሲደርስ ለሚከፈል ትዕዛዝ

የውሸት ትዕዛዝ የሚፈራ ነጋዴ ምዝገባን ግዴታ ማድረግ ይመርጣል። ቀልደኛ ግን በውሸት ኢሜይል ይመዘገባል፤ ባዶ እጁን የሚመለሰው ሞተረኛው ነው። የሚያዋጣው ስልኩን ማረጋገጥ ነው፦ 6 አኃዝ፣ ለ5 ደቂቃ የሚሠራ፣ እንደገና ለመላክ 60 ሰከንድ የሚያስጠብቅ፣ ከ5 ስህተት በኋላ የሚዘጋ ኮድ። ኤስኤምኤስ ዋጋ አለውና አስቀድሞ የከፈለን ሰው ኮድ አይጠይቁ። በካርድ የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ የተሰረቁ ካርዶችን በትንሽ ዋጋ የሚሞክሩ ሮቦቶች በእንግዳ በር ይመጣሉ፤ ከምዝገባ ይልቅ ካፕቻ (ሰው መሆንን የሚፈትን ጥያቄ) እና የሙከራ ገደብ ይያዙባቸው።

ሳይታዩ የሚያልፉ

«ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ» የተባለ ኩፖን እንግዳውን የሚለየው በኢሜይሉ ስለሆነ፣ ኢሜይል የቀየረ ሁሉ ደግሞ ይጠቀምበታል፤ ትልቅ ቅናሽን ለአካውንት ባለቤቶች ይተዉት። የሚወርድ ፋይል የሚሸጡ ከሆነ «ለማውረድ መግባት ግዴታ ነው» የሚለው ምርጫ በእንግድነት የተገዛውን አይመለከትም። የቅርጫት፣ የክፍያና የአካውንት ገጾችን ከካሽ ፕለጊኑ (የገጾችን ቅጂ አስቀምጦ ቶሎ ከሚያሳየው) ያውጡ፤ ካልወጡ የአንዱ ደንበኛ ገጽ ለሌላው ሊታይ ይችላል።

እንግዳ ስለሆነ መረጃው አይቀመጥም ማለት አይደለም፤ ስሙ፣ ስልኩና አድራሻው ትዕዛዙ ውስጥ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ይህን ቸል ማለት አያዋጣም። በዚያው «አካውንትስ ኤንድ ፕራይቨሲ» ገጽ ግርጌ ላይ የተሰረዙና ያልተሳኩ ትዕዛዞች ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚወገዱ፣ የተጠናቀቁት ደግሞ መቼ ስማቸው እንደሚጠፋ መወሰኛ አለ። ባዶ ከተተወ ሁሉም ለዘላለም ይቀመጣል። ለተሰረዙትና ላልተሳኩት ጥቂት ወራት ይበቃል፤ ለተጠናቀቁት ግን የግብር ሰነድ የሚፈለግበትን ዘመን ከሒሳብ ሠራተኛዎ ጠይቀው ይሙሉ።