የበግ ልብ ከፍቶ የደም ዝውውርን እንዴት ማጥናት ይቻላል

የሰውነት ሥርዓቶችን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ተማሪ የልብን ግራና ቀኝ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይደናገራል። ፍቱን መድኃኒቱ ልብን በእጅ ይዞ ማየት ነው። የበግ ልብ እንደ ሰው ልብ አራት ክፍሎችና አራት ቫልቮች (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮች) አሉት።

ጅማ ውስጥ ለአረፋም ሆነ ለፋሲካ በግ የሚያርድ ጎረቤት አይጠፋም። አራጁን የልቡን የደም ሥሮች ሁለት ጣት ያህል አስረዝሞ እንዲቆርጥላችሁ አስቀድማችሁ ለምኑት፤ ሥር የሌለው ልብ ከሥጋ ቁራጭ አይሻልም። የረጋውን ደም በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት።

አሁን ቢላዋ ሳታነሡ ልቡን አቅኑት። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ታች፣ በሞራ የተሞላው ሰያፍ መስመርና ከፊት የሚወጣው ወፍራም ሥር ወደ እናንተ ይሁኑ። ከዚያ የታችኛውን ክፍል ግድግዳ ግራና ቀኙን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ። አንዱ ጎን ይልማል፤ ሌላው ጠንክሮ ይመልሳችኋል። ጠንካራው የልቡ ግራ ነው፤ ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋ በመሆኑ ግድግዳው ወፍራም ነው። ነገር ግን የሚገኘው በእናንተ ቀኝ እጅ በኩል ነው! በአናቶሚ (በአካል ክፍሎች ጥናት) ግራና ቀኝ የሚባለው ምንጊዜም የባለቤቱ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። ሐኪም «የግራ ኩላሊት» ሲልም የታካሚውን ግራ ማለቱ ነው። ይህን ሳታረጋግጡ አትቁረጡ፤ ከተሳሳተ ጎን የጀመረ ሁሉንም ስም ገልብጦ ይይዛል።

ለመቁረጥ ስለታም መቀስ እመርጣለሁ፤ ምላጭ ሞራ ላይ ያንሸራትታል። ከላይኛው ትልቅ ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ ከሚመልሰው ሥር) ገብታችሁ፣ በልቡ ቀኝ በኩል፣ የደሙን መንገድ እየተከተላችሁ ውረዱ። ልቡን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቁ ሰዎች ቫልቮቹን የሚይዙትን ነጫጭ ክሮች ይበጣጥሳሉ። ከታችኛው ቀኝ ክፍል ጣታችሁን ወደ ላይ ብትሰዱ በዚያ ከፊት ባያችሁት ወፍራም ሥር ይወጣል። እርሱም ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ነው። የሚወስደው ኦክስጅን ያነሰው ደም ቢሆንም ከልብ ስለሚወጣ ደም ቅዳ ይባላል።

የግራውንም እንዲሁ ከፍታችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ግድግዳ ፈትሹ፤ ቀዳዳ የለውም። ደም በሳንባ በኩል ዞሮ እንጂ በዚህ ግድግዳ እንደማያልፍ ሐኪሙ ኢብን አል-ነፊስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል።

ሲጨርሱ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። የተረፈውን ቅበሩት፤ ጥሬ የሆድ ዕቃ፣ በተለይም ጉበትና ሳንባ፣ ለውሻ መስጠት ወደ ሰው የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዓይነት ያዛምታል።