ሐይቅ ዳር ባለ እርሻ ላይ ለድንኳን እንግዳ ቦታ ማዘጋጀት

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሐይቅ ከተማ ዙሪያ እርሻ ያለው ቤተሰብ መጀመሪያ አፈሩን ይይ። ዋልካ ላይ ድንኳን አይተከልም፤ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው መኪና ይይዛል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ካስማውን ይለቃል። ጠጠራማና ትንሽ ተዳፋት ያለው ይሻላል፤ ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው የጎርፍ ቦይ ይቆፈርለት። ካስማው 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ ራሱ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይመታ። ቀጥ ካለ ነፋስ ይነቅለዋል። ባሕር ዛፍ ሥር ግን በጭራሽ፤ ቅርንጫፉ ሳይታሰብ ይወድቃል።

መጸዳጃው ከጉድጓድ ውኃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ በታች በኩልም ይሁን። በየጊዜው አንድ ጣሳ አመድ ይነስነስበት፤ ውኃ ከገባ አመዱም አያድነውም፣ ይሸታል።

ውሻው ማታ ይታሰር። እንግዳው ይጾም እንደሆነ፣ ሥጋውንም ማን እንዲያርድለት እንደሚፈልግ ሳይመጣ ይጠየቅ፤ ወሎ ውስጥ ይህን መዘንጋት ነውር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ ቀድሞ ይነገራቸውና ከፍ ብሎ ወዳለው አርዲቦ ሐይቅ ይሂዱ።