«እየበላች ነው እኮ!»፦ ጥርሷ ለተነቀለ ድመት ማስታገሻ ስትሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥርሷ የተነቀለ ድመት ቤቷ በገባች ማግስት ለባለቤቷ እደውላለሁ። የሥራዬ አካል ነው። ከምሰማቸው መልሶች ሁሉ የምፈራው በደስታ የሚነገረኝን ነው። «ኧረ ደህና ናት! እየበላች ነው እኮ። ማስታገሻውንም አቆምኩት፣ ምን ያደርግላታል?»

እስቲ ቀስ ብለን እንነጋገር።

እየበላች ስለሆነ አያማትም ብሎ ማቆም

ድመት እያመማትም ትበላለች። ድዷ ተሰፍቶ፣ መንጋጋዋ አብጦ ትበላለች። ብዙ ድመቶች ደረቅ ምግብን ድሮም ሳያኝኩ ነው የሚውጡት። ካላኘከች ደግሞ መብላቷ ስለ አፏ ምን ሊነግራችሁ ይችላል? ጥርሳቸው ከሥሩ እየተሸረሸረ ለወራት ሲበሉ የከረሙ ድመቶች በየጊዜው ይመጡልኛል። ባለቤቶቻቸው ምንም አላወቁም። አልፈርድባቸውም፤ ድመት ህመሟን መደበቅ ታውቅበታለች።

በዚያ ላይ የመጀመሪያው ምሽት ያታልላል። ጥርስ ሲነቀል አካባቢውን የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጣል። ቡፒቫኬይን የተለመደው ነው፤ ለሰዓታት ይቆያል። ከዚያ ሌላ በቀዶ ጥገናው ጊዜ በመርፌ የተሰጣት ማስታገሻ አለ፤ አንዳንዱ እስከ ማግስቱ ድረስ ይሠራል። ስለዚህ ድመቷ ያን ዕለት ማታ ሳህኗን ጥርግ አድርጋ ብትበላ ምስጋናው ለመርፌው ነው። መርፌዎቹ ሲለቋት እናንተ ደግሞ የቤቱን መድኃኒት አቁማችኋል። አንዴ የተነሳ ህመምን መልሶ ማስታገስ ደግሞ ሳይነሳ ከመያዝ በጣም ይከብዳል።

አፏ በሙሉ ቆስሎ ጥርሶቿ ሁሉ የተነቀሉ አንዲት ድመት ነበረች። ባለቤቷ በሁለተኛው ቀን ማስታገሻውን አቆመ። በሦስተኛው ቀን አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ሰውዬው «ክሊኒክ ስለወሰድኳት አኩርፋኛለች» ብሎ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሲለማመጣት ዋለ። ምን ኩርፊያ አለ! መድኃኒቱ ሲቀጥል ራሷ ወጣች። ሐኪሙ 5 ቀን ካለ 5 ቀን ነው። ብዙ ጥርስ ከተነቀለ ደግሞ ከዚያም ሊረዝም ይችላል።

ታዲያ ምኗን እንይ? ፊቷን። በ2019 የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድመትን ህመም ከፊቷ ለማንበብ የሚያስችል መለኪያ አሳትመዋል። የሚታዩት አምስት ነገሮች ናቸው፦ የጆሮዋ አቀማመጥ፣ የዓይኗ መጥበብ፣ የአፍና የአፍንጫዋ ዙሪያ መወጠር፣ የጢሟ አቅጣጫ፣ ጭንቅላቷ ከትከሻዋ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ትሰጣላችሁ። ድምሩ ከ10 ውስጥ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያለው ማስታገሻ አልበቃትም ማለት ነው፤ ደውሉ። ተኝታ፣ እየበላች ወይም ራሷን እየላሰች ሳለ ግን አትለኩ፤ ፊቷ ያሳስታችኋል።

ሌላም አለ። ወደ ሳህኑ ሄዳ አሽትታ መመለስ። ምግቡን አፏ ካስገባች በኋላ መጣል። አፏን በመዳፏ መቧጠጥ። ጸጉሯን መላስ መተው። በጉሮሮዋ እርርር ስትል ደግሞ አትሸወዱ፤ ድመት ሲመቻት ብቻ ሳይሆን ሲያማትና ሲጨንቃትም እንዲሁ ትላለች።

ሳትበላ ማስታገሻውን መቀጠል

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስትበላ መድኃኒቱን ያቆመው ሰው፣ መብላት ስታቆም በታማኝነት ይሰጣታል። ተገላቢጦሽ!

ሜሎክሲካምና ሮቤናኮክሲብ ህመምንም ብግነትንም የሚቀንሱ መድኃኒቶች ናቸው። ከጥርስ መንቀል በኋላ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት እነሱ ናቸው፤ ጥሩም ይሠራሉ። ነገር ግን የድመት ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስ የሚጠብቁ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚቀንሱት እነሱንም ጭምር ነው። ስለዚህ ያልበላች፣ ያልጠጣች ወይም የምታስመልስ ድመት ኩላሊቷን የሚጠብቅላት የለም። ዓይነ ምድሯ እንደ ሬንጅ ከጠቆረም ጨጓራዋ ወይም አንጀቷ እየደማ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ቀጣዩን መጠን አትስጡ፤ ወዲያው ለሐኪሙ ደውሉ። አቁማችሁ ዝም አትበሉ። ህመሙ አሁንም አለ፤ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ማስታገሻ ሊቀይርላት ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ሜሎክሲካም ስታነቡ የሚጋጭ ነገር ብታገኙ አትደንግጡ። አሜሪካ ውስጥ ለድመት የተፈቀደው አንድ መርፌ ብቻ ነው። ተደጋግሞ ሲሰጥ ለኩላሊት ውድቀትና ለሞት ሊዳርግ እንደሚችል ከ2010 ጀምሮ በማሸጊያው ላይ በጉልህ ይጻፋል። በአውሮፓ ደግሞ በትንሽ መጠን ለቀናት በአፍ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ድመቷን የመረመራት ሐኪም ዕድሜዋንና ኩላሊቷን አይቶ ይወስናል።

ከራስ መድኃኒት ቆንጥሮ መስጠት

ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ፓናዶልም ያው ፓራሲታሞል ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት አጣርቶ የሚያስወጣበት መንገድ በጣም ደካማ ነው። በሰውነቷ የሚጠራቀመው መርዝ ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያበላሻል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ያህል ወስደው የተመረዙ ድመቶች አሉ። አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ለ4 ኪሎ ድመት በኪሎ 125 ሚሊ ግራም ነው። «ሩቡን ብቻ ነው የሰጠኋት» ለሚሉኝ ሒሳቡ ይኸው፤ ሩቡም ከ30 በላይ ነው።

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪንም አይሆኑም። ከሰጣችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ይዛችሁ ሩጡ። ለፓራሲታሞል አሴቲልሲስቴይን የሚባል ማርከሻ አለ፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ሲሰጥ ነው። ደግሞ አትደብቁን። «ምን እንደበላች አላውቅም» የሚል ባለቤት ሰዓት ያስበላናል። ማንም አይቆጣችሁም። እሺ፣ ትንሽ እንቆጣ ይሆናል።

ሲሪንጁን በችኮላ ማንበብ

የድመት ሜሎክሲካም ሽሮፕ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም አለው። የውሻው 1.5 ነው። ስሙ አንድ፣ ጠርሙሱ ተመሳሳይ፣ ጥንካሬው ሦስት እጥፍ። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ «ያው አንድ መድኃኒት ነው» ማለት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። ከአንዳንድ የድመት ሜሎክሲካም ጋር የሚመጣው ሲሪንጅ ላይ ያለው ቁጥር ሚሊ አይደለም፣ የድመቷ ኪሎ ነው። የ4 ኪሎ ድመት ከሆነች እስከ 4 ትሞላላችሁ፤ ይህም 0.4 ሚሊ ገደማ ነው። ያ ሲሪንጅ ይጠፋል ወይም ይሰበራል። ባለቤቱ ተራ ሲሪንጅ ያነሳና «እስከ 4 ነበር» ብሎ 4 ሚሊ ይሞላል። አሥር እጥፍ! ሲሪንጅ ሲጠፋ ሌላ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ስንት መስመር ድረስ እንደሚሞላም አብራችሁ ጠይቁ። ጠርሙሱንም ነቅንቁት፤ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣል።

ቡፕረኖርፊንን ምግብ ላይ ማድረግ

ይህ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይሰጣችኋል። ቦታው በጉንጯና በድዷ መካከል ነው። ከአፏ ውስጠኛ ሽፋን በቀጥታ ወደ ደሟ ይገባል፤ የድመት ምራቅ ለዚህ ይመቸዋል። ከተዋጠ ግን ጉበቷ አብዛኛውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ምግብ ላይ የተንጠባጠበ ቡፕረኖርፊን አልተሰጠም በሉት። ወደ ጉሮሮዋም አትርጩት። ያልተሰፋበትን ጎን ምረጡ፣ ከንፈሯን በጣት ገለጥ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ግፉ። አፏን መክፈት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል። አንዳንዷ ፍቅር ይዟት ግድግዳውንም ሰውንም ትታከካለች፤ አንዳንዷ ባዶ ጥግ ላይ ታፈጣለች። ሌሊት «አበደች!» እያላችሁ አትደውሉ፤ መድኃኒቱ ነው። በጣም ከፈራች ወይም ካልተረጋጋች ግን ንገሩን።

ጋባፔንቲን የሚባለው ማስታገሻ ከታዘዘላት ደግሞ ትንገዳገዳለች። ከፍ ያለ ነገር ላይ እንዳትዘል ተከታተሏት። መራራ መድኃኒት ስትቀምስ አረፋማ ለሃጭ ብታዝረበርብም መመረዝ አይደለም፤ ጣዕሙን ጠልታው ነው።

የታመመ አፍን በግድ ከፍቶ ክኒን መክተት

እንኳን ለድመት ለሰውም አይደረግም። መንጋጋዋን ስትፈለቅቁ ያማታል፣ ስፌቱም ሊተረተር ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በፊት «በፈሳሽ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ ከራስ ቅሏ ሥር፣ አንገቷ ጀርባ ላይ ቆዳዋን የሚቀባው፣ ለ4 ቀን የሚቆይ ቡፕረኖርፊን እንኳ ተፈቅዷል። የግድ ክኒን ከሆነ ካስዋጣችሁ በኋላ 5 ሚሊ ያህል ውሃ በቀስታ ስጧት። ደረቅ ክኒን የምግብ ቧንቧዋ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስላት ይችላል። ለጥርስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ፣ ክሊንዳማይሲን፣ በዚህ ይታወቃል።

መድኃኒቱን ዋናው ምግቧ ውስጥ መደበቅም አይበጅም። አንዴ ከነቃች ምግቡን ራሱን ትጠላዋለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመብላት ችግሩን እናንተ ፈጠራችሁት። በጥቂት ለስላሳ ነገር ለብቻው ስጡ።

ባጭሩ የሚታለፉ

አንቲባዮቲክ ህመም አያስታግስም። «መድኃኒት እየወሰደች ነው» ስትሉ የትኛውን እንደሆነ እወቁ።

የተረሳ መጠን አይደረብም።

ፕሬድኒሶሎን ወይም ሌላ ስቴሮይድ የምትወስድ ድመት ሜሎክሲካም አይጨመርላትም። ጨጓራዋን ያቆስላል። ክሊኒኩ ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ።

ካለፈው ዓመት የተረፈውን ጠርሙስ ጣሉት።

ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ካለ የሰጠበትን ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ባልም ሚስትም እየሰጡ ድመቷ ድርብ መጠን የወሰደችበትን ቤት አውቃለሁ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን በጥንቃቄ ለክተዋል።

ቤት ከገባች በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች «ነገ ትበላ ይሆናል» አትበሉ። በተለይ ወፈር ያለች ድመት ለቀናት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሌላ ከባድ በሽታ ይመጣባታል። ደውሉ። ስትደውሉም ጠርሙሱን ይዛችሁ ይሁን፦ የመድኃኒቱ ስም፣ በሚሊ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለው፣ የድመቷ ኪሎ፣ መጨረሻ የሰጣችሁበት ሰዓትና መጠን። «ነጭ ሽሮፕ ነው» ብቻ ካላችሁኝ ስልኩን ይዤ ጠርሙሱን ፈልጋችሁ እስክትመጡ እጠብቃለሁ።