ክሪስታል ከማይሠራ ፖሊኦሌፊን ትኩስ ማጣበቂያ እንዴት ይዘጋጃል?

ሲጫኑት የጣት አሻራ የሚቀርበት፣ ቆንጥረው ሲስቡት እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ፖሊፕሮፒሊን አለ። ፖሊኦሌፊን ከሚባሉት የካርቦንና የሃይድሮጅን ፕላስቲኮች ክሪስታል የማይሠራው ዓይነት ይህ ነው፤ ቀልጦ የሚቀባውና ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ትኩስ ማጣበቂያም ከእሱ ይዘጋጃል። ከጠንካራው የባልዲና የወንበር ፕላስቲክ የሚለየው በአደራደሩ እንጂ በጥሬ ዕቃው አይደለም፤ ሁለቱም የሚወጡት ከፕሮፒሊን ጋዝ ነው። በጠንካራው ውስጥ ከረጅሙ የሞለኪውል ሰንሰለት ጎን የበቀሉት ሜቲል የሚባሉ ትንንሽ ቅርንጫፎች ወደ አንድ ወገን ስለሚሰለፉ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ክሪስታል ይሠራሉ፤ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልደረሰም አይቀልጥም። በለስላሳው ግን ቅርንጫፎቹ ያለ ሥርዓት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ስለወጡ መደርደር አይሆንላቸውም። ስለዚህ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይላላል እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ አይቀልጥም።

ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ፖሊፕሮፒሊንን ሲሠራ ሁለቱ ዓይነቶች ተቀላቅለው ነበር የወጡት፤ የተለዩትም በሟሟ ነው። ለስላሳው ለብዙ ዓመታት የጠንካራው ተረፈ ምርት ሆኖ ቆየ። ካታሊስቶች (ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥኑት ነገሮች) ሲሻሻሉ ተረፈ ምርቱ ስላነሰ፣ ዛሬ ፕሮፒሊንን ብቻውን ወይም ከኤቲሊን አለዚያም ከቡቲሊን ጋር በማያያዝ ሆን ተብሎ ይመረታል። የሰንሰለቱ ርዝመት የሚስተካከለው በሃይድሮጅን ነው፦ ሃይድሮጅን ሲበዛ ሰንሰለቱ ያጥራል፣ ቅልጡም ይቀጥናል።

በመጀመሪያ የያዙትን ይወቁ። 1 ግራም ፖሊመር (ማለትም ለስላሳውን ፕላስቲክ) ዛይሊን በሚባል ተቀጣጣይ ሟሟ 20 ሚሊ ሊትር ውስጥ ጨምረው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ከእሳት አርቀው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ያሳድሩት። ሙሉ በሙሉ ከሟሟ ክሪስታል የለበትም ማለት ይቻላል። ያበጠ ጉብታ ከቀረ ግን ጥቂት ክሪስታል አለው፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ማጣበቂያው ሙቀት እንዲችል ያግዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ሥራውን የሚያበላሸውም ደረጃ ነው፦ የመዋሃድ ሙከራ። ክሪስታል አለመሥራት ከሁሉም ጋር መዋሃድ ማለት አይደለም። ፖሊኤቲሊን እንኳ፣ እንደ ፖሊፕሮፒሊን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ቀልጠው ቢማሰሉም እንደ ውሃና ዘይት ጠብታ ለጠብታ ተለያይተው ይቀራሉ። ስለዚህ 5 ግራም ፖሊመርና 5 ግራም አጣባቂ ሬዚን (ማጣበቂያውን የሚያሙለጨልጭና እንዲይዝ የሚያደርግ ሙጫ መሰል ነገር) በሙከራ ቱቦ ውስጥ አድርገው፣ ቱቦውን በጋለ ዘይት ውስጥ ነክረው እስከ 170 ዲግሪ ድረስ እያማሰሉ ያሙቁ። ቅልጡ እንደ ማር ጥርት ካለ ተዋህዷል። ከዚያ ቱቦውን አውጥተው ቴርሞሜትሩን እንደያዘ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ የሚደፈርስበትን ሙቀት ይመዝግቡ። በ170 ዲግሪም ደፍርሶ ከቆየ ያንን ሬዚን ይተዉት። በዚህ ሙከራ ሰም አይጨምሩ፤ ሰም ሲቀዘቅዝ ራሱ ክሪስታል ሠርቶ ስለሚያደፈርስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በሃይድሮጅን የታከሙ የፔትሮሊየም ሬዚኖች አብዛኛውን ጊዜ ይዋሃዳሉ፤ ቪኒል አሲቴት የበዛባቸው ፖሊመሮች ግን አይስማሙም።

ለ1 ኪሎ ግራም መነሻ የሚሆነው ቅንብር፦ ፖሊመር 650 ግራም፣ ሬዚን 250 ግራም፣ ሰም 90 ግራም፣ አንቲኦክሲዳንት (ኦክሲጅን ፖሊመሩን እንዳያበላሸው የሚከላከል) 10 ግራም።

ሙቀቱ በሚቆጣጠሩት የማይዝግ ብረት ድስት ውስጥ በመጀመሪያ ሰሙንና አንቲኦክሲዳንቱን ያቅልጡ። ሙቀቱን ወደ 175 ዲግሪ ከፍ አድርገው ፖሊመሩን በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ፤ አንዴ ከተገለበጠ ውስጡ ሳይቀልጥ ከታች ያራል። ማማሰያው ዝግ ብሎ ይዙር፤ ፍጥነት አየር ያስገባል። ፖሊመሩ ጉብታ ሳይቀርበት ሲቀልጥ ሬዚኑን ያስከትሉ፤ ከዚያ ሌላ 30 ደቂቃ ያማስሉ። የሚቻል ከሆነ በድስቱ አፍ ላይ ናይትሮጅን ይንፈስ። ከዕቃዎቹ አንዱ እርጥበት ካለው ቅልጡ አረፋ ደፍቆ ይገነፍላል፤ አስቀድመው ያድርቁ።

ቅልጡ ሳይጠበቅ ከቀጠነ ኦክሲጅን ሰንሰለቱን እየበጠሰው ነው፦ ሙቀቱ በዝቷል ወይም አንቲኦክሲዳንቱ አንሷል። ኤቲሊን የበዛበት ፖሊመር ደግሞ በተቃራኒው ጓጉሎ ቆዳ ሊያበጅ ይችላል። ቀዝቅዞ ከተሰባበረ ሬዚኑ ወይም ሰሙ በዝቷል፤ ሲደርቅ ላዩ ካላበውና ከቀባባ ያልተዋሃደው ክፍል እየወጣ ነው።

ወፍራም ጓንትና የፊት መከላከያ ያድርጉ። ቅልጡ ቆዳ ላይ ቢያርፍ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ያቀዝቅዙት፤ ቆዳውን ይዞ ስለሚነሳ ራስዎ አይላጡት፣ ሐኪም ያውጣው።

የጨረሱትን ሲሊኮን በተቀባ ወረቀት ላይ ያፍስሱ፤ ባዶ ትሪ ላይ ከፈሰሰ አይላቀቅም። የማጣበቅ አቅሙን የሚለኩት ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ሰሙና ጥቂቱ ክሪስታል ቀስ ብለው ስለሚጠነክሩ፣ በመጀመሪያው ሰዓት የተለካው ቁጥር በማግስቱ አይደገምም።